ፒፓው ላይ ጉጉት አለች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አጎቴ ትተውልኝ ያለፉት የእንጨት ፒፓ አለኝ። እኔ አላጨስም። ፒፓውን ከመሳቢያ የማወጣው እንግዳ ሲመጣ ነው፤ ግራ ጎኑ ላይ ጉጉት አለችና። ማንም አልቀረጻትም፣ ማንም አልሳላትም። ያየ ሰው ሁሉ መጠየቅ ይጀምራል። ፒፓ ያላቸው ደግሞ የራሳቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ "እስቲ ይሄ ምን ይመስልሃል?" እያሉ። ጥያቄዎቹ ሲደጋገሙ ጊዜ ጽፌ ማስቀመጥ ይሻላል አልኩ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፒፓዬ ላይ የሰው ፊት አየሁ። ደህና ነኝ?

ደህና ናችሁ። ልጅ ሆናችሁ ደመና ላይ አንበሳ አይታችሁ ይሆናል። ማታ ወንበር ላይ የተንጠለጠለ ካፖርት ሌባ መስሎ አስደንግጧችሁም ይሆናል። ይሄም ያው ነው። ሳይንሱ ፓሬዶሊያ ይለዋል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ ከምስሉ ጎን ያለ፣ ምስል መሰል እንደማለት። ልዩነቱ ደመናው ይበተናል፣ ፒፓው ግን ኪስ ውስጥ ይቆያል።

የሰው ብቻም አይደለም። በ2017 የወጣ ጥናት ሬሰስ የሚባሉት ጦጣዎችም ፊት የሚመስሉ ዕቃዎችን ፎቶ ሲያሳዩዋቸው ከሌላው አስበልጠው እንደሚያዩ አሳይቷል። ዓይናቸውንም የሚያሳርፉት "ዓይን" እና "አፍ" በሚመስለው ቦታ ላይ ነበር።

ፊቱ ማውራት ከጀመረ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ለምን ሁልጊዜ ፊት? ለምን ድንች አይታየኝም?

ለድንች አእምሯችን ውስጥ የተመደበ ቦታ የለማ! ለፊት ግን አለ። በአንጎላችን ታችኛው በኩል፣ ፊት ስናይ ከሌላ ነገር ሁሉ በላይ የሚነቃ ክፍል አለ። በ2009 የወጣ አንድ ጥናት ፊት የሚመስሉ ዕቃዎችን ለሰዎች እያሳየ ይህን ክፍል ተከታተለ። ክፍሉ ምላሽ የሰጠው በ165 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም በአንድ ስድስተኛ ሰከንድ አካባቢ ነበር። "እስቲ ላስብበት" የምንልበት ጊዜ የለም ማለት ነው። ጉጉቷን አስበን አይደለም የምናገኛት። መጀመሪያ እናያታለን፣ ከዚያ ነው "እንዴ!" የምንለው።

የሚፈለገውም ጥቂት ነገር ነው። ጎን ለጎን ሁለት ነጥብ፣ ከሥራቸው አንድ ጭረት። በቃ፣ ሰውዬው መጣ። ከተወለዱ ጥቂት ሰዓት የሆናቸው ሕፃናት እንኳን እንዲህ የተደረደረ ሥዕል ሲንቀሳቀስ ከተዘበራረቀው ይልቅ በዓይናቸው ይከተሉታል።

ለምን እንዲህ ሆንን ለሚለው የሚሰጠው ምክንያት ቀላል ነው። ቁጥቋጦውን ጅብ መስሎህ ብትሮጥ ጓደኛ ይስቅብሃል። ጅቡን ቁጥቋጦ መስሎህ ብትጠጋው ግን የሚስቅም አይኖር። ስለዚህ ዓይናችን በትርፍ መሳሳትን መረጠ።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። በ2022 የታተመ ጥናት ሰዎች ዕቃ ላይ የሚያዩትን ፊት አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው እንደሚሉ አገኘ። በኔ ቤትም እንደዚያው ነው። እንግዳ ሁሉ "አንድ ሰውዬ ይታየኛል" ይላል እንጂ "ሴትዮ" ያለኝ የለም። ጉጉቷንም "እሷ" ያልኳት እኔው ነኝ።

እንጨቱ ምንድን ነው? ለምን እንዲህ ይዥጎረጎራል?

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። መልሱ አገራችን ድረስ ስለሚመጣ።

ጥሩ የእንጨት ፒፓ የሚሠራው በሳይንሳዊ ስሙ ኤሪካ አርቦሪያ ከሚባል ዛፍ ነው። ፈረንሳዮች ብሩዬር፣ ጣሊያኖች ራዲካ የሚሉት የዚህን ተክል እንጨት ነው። ሰሜን ተራሮች የሄደ ሰው ደግሞ ዛፉን ያውቀዋል። አስታ ነው! ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ዋልያና ጭላዳ በሚውሉበት ብርድ ውስጥ፣ ግንዱ ተጣሞ፣ ሽበት የሚመስል ነገር ተንጠልጥሎበት የሚቆመው አስታ። ባሌ ተራሮች ላይም ደን ሆኖ ይገኛል። ለፒፓ ገበያ የሚቆፈረው ግን የእኛው አይደለም። የሜዲትራኒያን ዳርቻው ነው፤ የካላብሪያ፣ የሰርዲኒያ፣ የኮርሲካ፣ የግሪክ፣ የአልጄሪያ።

ለፒፓ የሚሆነው ግንዱ አይደለም፣ ቅርንጫፉም አይደለም። ግንድና ሥር የሚገናኙበት ቦታ ላይ፣ መሬት ውስጥ የሚያብጥ ጉጥ አለ። የተክሉ ጎተራ በሉት። እሳት ቢነሳ፣ ላዩ ሁሉ ቢያር፣ ከዚህ ጉጥ ላይ ደግሞ ያቆጠቁጣል። እረኞች ለግጦሽ ብለው ሲያቃጥሉት የባሌው አስታ ተመልሶ የሚመጣውም በዚሁ ነው። ጉጡ በአሥርት ዓመታት ነው ቀስ ብሎ የሚያድገው። በድንጋይ መሃል ይጣመማል። እንጨቱ እጅግ ጠንካራ ነው፣ እሳት ቶሎ አይበላውም፣ እርጥበት ይመጥጣል። ለፒፓ የተመረጠው ለዚህ ነው። ዥንጉርጉሩ ምርቃት ነው።

ከተቆፈረ በኋላ እንዳይሰነጠቅ እርጥብ ተደርጎ ይቀመጣል። ከዚያ ይቆረጣል። ቁራጮቹ ለሰዓታት ውሃ ውስጥ ይቀቀላሉ፣ መራራው ጭማቂ እንዲወጣ። ከዚያ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይደርቃሉ። ይህ ሥራ በ1850ዎቹ ሴን ክሎድ በምትባል የፈረንሳይ ጁራ ተራሮች ከተማ ተስፋፍቶ ነው ዓለምን ያዳረሰው። ከዚያ በፊት አውሮፓ በብዛት የሚያጨሰው በሸክላ ፒፓ ነበር። ሸክላ ላይ ደግሞ ጉጉት አይገኝም።

"የወፍ ዓይን" እና "ነበልባል" የሚሉት ምንድን ነው?

አንድ እሽግ ጧፍ በእጃችሁ ያዙ። ከጎን ብታዩት ረጃጅም መስመሮች ናቸው። ከጫፍ ብታዩት ክብ ክብ ነጥቦች ናቸው። ጧፉ ግን ያው ጧፍ ነው። የፒፓ እንጨትም እንዲሁ ነው። ጭረቶቹ ከጉጡ መሃል ተነስተው ወደ ቅርፊቱ እንደ ፀሐይ ጨረር ይበተናሉ። በጎናቸው የተቆረጡበት ቦታ መስመር ይሆናል። ከጫፋቸው የተቆረጡበት ቦታ ደግሞ ትንንሽ ክቦች ይሆናሉ። "የወፍ ዓይን" የሚባለው ይሄ ነው። መስመሩ ቀጥ ብሎ ሳይሆን እየሰፋና እየተወላገደ ወደ ላይ ሲወጣ "ነበልባል" ይሉታል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። ሠሪው መስመሩ ጎንና ጎኑ ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ካደረገ፣ የወፍ ዓይኑ ከላይ ከንፈሩና ከታች መቀመጫው ላይ ይወጣል። መስመሩን አግድም ካስኬደው ደግሞ የወፍ ዓይኑ በሁለቱ ጉንጮች ላይ ይወጣል። ጉንጩ ሙሉ ነጥብ ነው እንግዲህ። ሁለት ዓይን ለሚፈልግ አእምሮ ድግስ ነው። እስካሁን ሰዎች ካመጡልኝ ፒፓዎች ፊት የበዛው በነዚህ ላይ ነው። ቀጥ ያለ መስመር ባላቸው ላይ ፊት ብዙም የለም። እነሱ ላይ ዝናብ፣ ፏፏቴ፣ የፈረስ ጋማ፣ አንዴ ደግሞ አንዲት አክስት "የተበጠረ ፀጉር" ያሉት ነው የሚታየው።

አልፎ አልፎም አንዱ መስመር ድንገት ታጥፎ ሌላውን ይዞራል። ጉጡ ሲያድግ ድንጋይ ወይም ሌላ እንቅፋት የገጠመው ቦታ ሊሆን ይችላል። አፍንጫ የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው።

ሠሪው ሆን ብሎ ያመጣው ይሆን?

ምስሉን? አይ። መስመሩን ማጉላት ግን ሥራው ነው። መጀመሪያ ጥቁር ማቅለሚያ ይቀባል። ለስላሳው ክፍል ብዙ ይመጥጣል፣ ጠንካራው ጥቂት። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ላዩን ይፍቀዋል። ጠንካራው ይነጣል፣ ለስላሳው እንደጠቆረ ይቀራል። በላዩ ቀይ ወይም ቡናማ ይደርባል። እንግዲህ ዓይን የሚይዘው ነገር ተፈጠረ።

ሌላው ዘዴ አሸዋ በኃይል መንፋት ነው። ለስላሳው ተበልቶ ይጎደጉዳል፣ ጠንካራው እንደ ጎድን አጥንት ይቀራል። እነዚህ ላይ ምስሉ የሚመጣው ከቀለም ሳይሆን ከጥላ ነው። ስለሱ ዝቅ ብዬ እመለሳለሁ።

ፊቱ ግልጽ፣ ጺም ያለው፣ ጥምጥም የጠመጠመ ከሆነና ፒፓው ነጭ ወይም ወርቃማ ከሆነ ግን ያ እንጨት አይደለም። የባሕር አረፋ የሚሉት ድንጋይ ነው። በብዛት የሚወጣው ቱርክ፣ ኤስኪሼሂር አካባቢ ነው። እርጥብ ሲሆን በቢላ ስለሚቆረጥ ጠራቢዎቹ ፓሻውንም፣ አንበሳውንም፣ የራስ ቅሉንም ያወጡበታል። እሱን እዩና አድንቁ። "አየህ፣ ፊት ይታየኛል" ብላችሁ ግን አትምጡ።

እኔ ጉጉት አየሁ፣ ባለቤቴ ጳጳስ ነው አለች። ማን ልክ ነው?

ሁለታችሁም። እንጨቱ ላይ ያለው ጭረት ነው። ጭረቱ እውነት ነው፣ በጣት ይነካል። ጉጉቱና ጳጳሱ ግን ከእናንተ ነው የመጡት። ብዙ ጉጉት ያየ ጉጉት ያያል፣ ቤተ ክርስቲያን ያደገ አክሊል ያያል። እህቴ የኛን ጉጉት ለብዙ ዓመት "መነኩሴ ቆባቸውን አድርገው" ስትል ኖራለች። የወፏ ጆሮ የሚመስለኝ ለሷ የቆቡ ጫፍ ነው። አጎቴ ሁለታችንንም ሰምተው ዝም ይሉ ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ያያችሁትን ከመናገራችሁ በፊት ሌላው ይናገር። አንዴ "ጉጉት" የሚል ቃል ከወጣ በኋላ የሚያድን የለም። ሌላ ነገር እዩ ብዬ ብለምናችሁም ጉጉቷ አትለቅም። እኔ መነኩሴውን ለማየት እህቴ በጣቷ እየጠቆመችኝ ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ። አሁንም ወፍ ናት።

ምንም አይታየኝም። ምን ላድርግ?

ገልብጡት። ብዙ ሰው ፒፓን ሁልጊዜ በአንድ በኩል ነው የሚይዘው። ጭንቅላቱ ወደ ታች ሲዞር ነገር ይለወጣል። ከንፈሩንና መቀመጫውንም አትርሱ።

መብራቱን ለውጡ። ይሄ በአሸዋ ለተነፋው ፒፓ ዋናው ነገር ነው። በ1976 ቫይኪንግ 1 የምትባለው መንኮራኩር ማርስ ላይ የሰው ፊት የሚመስል ኮረብታ ፎቶ አንስታ ዓለም ጉድ አለ። መብራቱ ከጎን ነበር፣ ፎቶውም ጥራት አልነበረውም። በ1998 እና በ2001 ሌላ መንኮራኩር በተሻለ ካሜራ ስታነሳው ኮረብታ ሆኖ ቁጭ አለ። ዓይንና አፍ የሆነው ጥላ ነበር። የእናንተም ፒፓ ላይ ሰውዬው መብራት ሲዞር ከጠፋ የማርሱ ሰውዬ ዘመድ ነው። በቀለም የመጣ ምስል ግን በየትኛውም መብራት አይጠፋም።

ፎቶ ስታነሱ ፍላሹን አጥፉ። መስኮት አጠገብ፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲያርፍበት አድርጋችሁ ያዙት። ላዩ የደበዘዘ ከሆነ ጣታችሁን በጥቂቱ አርጥባችሁ አሹት፤ እርጥብ እንጨት መስመሩን ያወጣል። ሠሪዎቹም ገና ያልተጠረበውን ቁራጭ አርጥበው ነው መስመሩን የሚያነቡት።

እና አትቸኩሉ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ለሠዓሊዎች በጻፈው ማስታወሻ ላይ እርጥበት ያቆሸሸውን ግድግዳና የተዥጎረጎረ ድንጋይ ትኩር ብለው እንዲያዩ ይመክራል። ተራራውን፣ ወንዙን፣ ጦርነቱን፣ የሰውን ፊት እዚያ ታገኛላችሁ ብሎ። ግድግዳ ከሠራ ፒፓ ምን ይሳነዋል።

ድሮ የማየው ምስል አሁን ተለወጠ። ለምን?

እንጨቱ ስለጠቆረ ነው። ሙቀቱ፣ የእጅ ቅባቱ፣ ጢሱ ተባብረው ያጠቁሩታል። ስስ መስመሮች ይዋጣሉ፣ ወፍራሞቹ ይቀራሉ። አንዳንዴ ዓይን ይጠፋና ጺም ይቀራል። ላዩ ላይ ያለው ሰምም ሲሟጠጥ ፒፓው ይደበዝዛል። ያኔ ለስላሳ ጨርቅና ጥቂት ሰም በቂ ነው። በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነኩት! ምስሉ ያለው ከላይኛው ስስ ንጣፍ ላይ ነው። ከፋቃችሁት ከሥሩ ሌላ ምስል ሊወጣ ይችላል፣ ግን የድሮው አይመለስም።

የአጎቴ ጉጉት በተቃራኒው ነው የሆነችው። እያደር ቀኝ ዓይኗ ጎላ። "እሷ ስታረጅ ዓይኗ ይበራል፣ እኔ መነጽር እቀይራለሁ" ይሉ ነበር። ምክንያቱን ያወቅኩት እሳቸው ካለፉ በኋላ ነው። መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

የማርያም ምስል ታየኝ። ምልክት ነው?

ሃይማኖታችሁን እኔ አልነካም። እንዲህ ያለ ነገር ግን ለኛ አዲስ አይደለም። ከታረደው በግ ሞራ ላይ መስመሮቹን አይቶ የሚመጣውን የሚናገር ሞራ ገላጭ ነበረን። ቡና አተላ ላይ መንገድና እንግዳ የሚያዩም አሉ። ሞራም፣ ሲኒም፣ ፒፓም ላይ ያለው መስመር ነው። ሞራ ገላጩ ከሌላው የሚለየው ያየውን በድፍረት መናገሩ ነው።

ገንዘብ ስትሰሙ ግን ተጠንቀቁ። በ2004 አሜሪካ ውስጥ አንድ የተነከሰ የቺዝ ሳንድዊች፣ የድንግል ማርያም ፊት ይታይበታል ተብሎ፣ ኢንተርኔት ላይ በ28,000 ዶላር ተሸጧል። የገዛው የኢንተርኔት ቁማር ቤት ነው።

ምስል ያለበት ፒፓ ዋጋው ይጨምራል?

አይጨምርም። ገበያው የሚከፍለው ለቀጥተኛ መስመር ነው። ከታች እስከ ላይ ጥርት ብሎ የወጣ፣ እንከን የሌለው እንጨት ብርቅ ስለሆነ ውድ ነው። ጉጉት ያለበት ፒፓ ብዙ ጊዜ መስመሩ የተዘበራረቀ ነው ማለት ነው። በሠሪው ዓይን መካከለኛ ዕቃ ነው። ሻጭ "ፊት አለበት" ብሎ ዋጋ ከጫነባችሁ ፊቱን አመስግናችሁ ውጡ።

የእኛ ጋያ ላይስ አይታይም?

ጋያ፣ ባህላዊው የትምባሆ ማጨሻችን፣ ሆዱ ቅል ነው። ቅል ደግሞ የራሱ ጠቃጠቆ አለው፣ ሲያረጅም ይጠቁራል። አንድ ቀን ሙሉ ጨረቃ የምትመስል ቅል አይቻለሁ። የእንጨቱን ያህል መስመር ግን የለውም።

ይሄ ሁሉ ማጨስን ማቆንጀት አይሆንም?

የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ፒፓ ጢሱን ባይውጡትም የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን በጥብቅ ሲከለክሉ የነበረው በሃይማኖት ነው፤ ዛሬ ሐኪሞች በሌላ መንገድ እዚያው ደርሰዋል። አጎቴ በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ነው የታመሙት። ለዚህ ነው የኔ ፒፓ እሳት የማያየው። ለማየት ትምባሆ አያስፈልግም።

የጉጉቷ ዓይን ምን ሆኖ ነው የጎላው?

ፒፓውን ዕቃ ለሚጠግኑ አንድ አዛውንት ሰም እንዲቀቡልኝ ወሰድኩት። ማጉያ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። "ይቺ ዓይን እንጨት አይደለችም" አሉኝ።

ጉጡ ከድንጋይና ከአሸዋ መሃል ስለሚያድግ እንጨቱ ውስጥ ትንንሽ ጉድጓዶች አይጠፉም። ሠሪው ፒፓውን ጠርቦ ሊጨርስ ሲል ብቅ ይላሉ። ርካሽ ፒፓ ከሆነ በማጣበቂያና በእንጨት ዱቄት ሞልቶ በቀለም ይሸፍነዋል። ሙሌቱ ግን እንደ እንጨቱ ቀለም አይጠጣም። ዙሪያው በጢስና በእጅ ሲጠቁር እሱ ፈዞ ይቀራል። በየዓመቱ እየደመቀች የመጣችው የአጎቴ ጉጉት ዓይን ሠሪው የደበቃት እንከን ናት።

"ላውጣትና ከእንጨቱ ጋር የሚመሳሰል ሙሌት ላድርግበት? አይታወቅም" አሉኝ አዛውንቱ።

እህቴ አብራኝ ነበረች። ከኔ ቀድማ መለሰች። "ኧረ አይሆንም፣ መነኩሴው ይታወራሉ።"